ሦስተኛው ጥሪ

ሰኞ፣ መስከረም 22 ቀን 1999

ፉጨቱን ከለከልኩ። በቃ። ከሁለቱ አንዱን ማስከፋቴ ካልቀረ፣ ሥራውን ጥሎብኝ የማይሄደውን ላስከፋ ብዬ ነው።

ኡጁሉ የመለኪያ መሣሪያችን ሰው ነው። የጋምቤላ ሰው፣ አኙዋ፣ አርባውን የደፈነ፤ በመሥሪያ ቤታችን እንደሱ ዐይኑ የማይሳሳት የለም። ዐይኑን መሣሪያው ላይ ተክሎ፣ ርቆ የመለኪያውን ዘንግ የያዘውን ሰው የሚያዘው በፉጨት ነው። አንድ አጭር፣ ወደ ግራ። ሁለት አጭር፣ ወደ ቀኝ። አንድ ረጅም፣ ና። ልጅ ሳለ እንደ አገሩ ወግ የታች ጥርሶቹን ስላወለቁለት ፉጨቱ መሃል ላይ አየር ያመልጠዋል። አብረን ስንሠራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ዘንጉን የሚይዘው አለነ ነው። እዚሁ ጮቄ ሥር ተወልዶ ያደገ ገበሬ፣ ለዚህ የመንገድ ቅየሳ የቀጠርነው። መሬቱን እንደ ጓዳው ያውቀዋል። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ፉጨት ሲሰማ ዘንጉን መሬት ላይ አጋደመና አማተበ። ወደኔ መጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ በዚህ ተራራ ላይ እየተፏጨ እኔ አልሠራም። ምን ሰምቶ እንደሚመጣ አይታወቅም» አለኝ። ሾፌራችን ጋሽ ሰይፉም የዚሁ አገር፣ የአምበር ሰው ናቸው፤ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ «እውነቱን ነው» አሉ።

ምን ልበል? እኔስ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ የለ? ቤት ውስጥ አፏጨሽ ተብዬ ስንቴ አፌን ተመትቻለሁ። እናቴ አሁንም ድረስ ፉጨት ስትሰማ በር ትዘጋለች።

ስለዚህ ወሰንኩ። ፉጨት የለም፣ በስም እንጠራራለን። ኡጁሉ ትከሻውን ሰበቀ። «አለቃዋ አንቺ ነሽ፣ ባንቺ» አለ። ባንቺ ማለት እኔው ነኝ፤ ባንቺአምላክ፣ የቡድኑ ኃላፊ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ሦስት ሰው ማስማማት ያቃተኝ።

እስከ ቅዳሜ ላይኛው ቀበሌ ድረስ ችካል ተክለን መጨረስ አለብን። እሑድ የአለነ ልጅ ክርስትና ነው፣ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል። ሁላችንንም ጠርቶናል።

የምናድረው በገበሬዎች ማሰልጠኛው ቤት ነው። ቁንጫው ለጉድ ነው። ቢሆንም ዛሬ ሰላም አወረድኩ ብዬ እተኛለሁ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 23

ሰላሙ ግማሽ ቀን አልቆየም።

አለነ ሲጠሩት አይመልስም። ኡጁሉ «አለነ» ይላል፣ ዝም። «አለነ» ይላል፣ ዝም። በሦስተኛው «አቤት» ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለእያንዳንዱ ችካል እንዲህ ነው። እስከ ምሳ የኡጁሉ ጉሮሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እኔ ተረከብኩት። አሁን የኔም ተዘግቷል።

ምሳ ላይ ኡጁሉ ጠየቀው። በቁጣ አይደለም። «ጆሮህን ያምሃል?» አለው።

አለነ እንጀራውን አስቀምጦ አስረዳ። ሰው የሚጠራውን ሰው ሳያይ በመጀመሪያው ጥሪ አይመልስም፤ በሁለተኛውም አይመልስም። ሰው ሦስቴ ይጠራል። ያኛው ሦስት አይሞላም፣ ሁለቴ ጠርቶ ይተዋል። የመለሰለትን ግን ይዞት ይሄዳል። «ያኛው» ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። እኔማ ምን ልጠይቅ፣ ዲማ ቅኔ ቤት የተማሩት አጎቴ ይህንኑ ሲሉ ነው ያደግኩት። ረስቼው ነበር እንጂ።

ኡጁሉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወው። «እኔ ባደግኩበት መንደር የሚያስፈራው ዝም ያለ ሰው ነው» አለ። «ሣሩ ከሰው ይረዝማል። ስምህ ተጠርቶ ካልመለስክ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሊፈልግህ ይወጣል። እናቶች ያለቅሳሉ። አንተ በቀን ሃያ ጊዜ ትሞትብኛለህ።»

አለነ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» አለ። ግን ከምሳ በኋላም በሦስተኛው ነው የመለሰው።

ሌላ ነገር። ወደ አሥር ሰዓት ዕቃ ስንጭን፣ ሦስቱም አጠገቤ ቆመው ሳለ፣ ከላይ ከዳገቱ «ባንቺ» የሚል ሰማሁ። አፌ «አቤት» ለማለት ተከፍቶ ነበር። አለነ አየኝ። ጋሽ ሰይፉ ገመድ እያሰሩ ነበር፣ ኡጁሉ ውሃ እየጠጣ። ማናቸውም አልጠሩኝም። ጎጃም ውስጥ ባንቺ የሌለበት ቤት የለም፤ ሌላዋን ባንቺ ነው የጠሩት ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።


ረቡዕ፣ መስከረም 24

የተተከለ ችካል፦ አሥራ ዘጠኝ። መጥፎ አይደለም። ስሜት፦ መጥፎ።

ጾም ነው። ኡጁሉ ከቤቱ ያመጣውን ደረቅ ዓሣ አውጥቶ ለአለነ ዘረጋለት፤ ሊያስታርቅ ብሎ መሰለኝ። አለነ «እኔስ አልበላም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሽታው እንደማይስማማው እኔ አውቃለሁ፤ ኡጁሉ ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማው። ሄዶ መኪናው ኋላ ብቻውን በላ። አለነ ደግሞ ከድንጋዩ ማዶ ብቻውን ተቀመጠ። እኔና ጋሽ ሰይፉ መሃል ላይ ሽሮ ይዘን ተፋጠጥን። ጋሽ ሰይፉ «እንግዲህ እኛ ምን አጠፋን፣ እንብላ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ኡጁሉን ለማባበል ሄድኩ። አልተባበለም። «የኔን ከለከልሽ፣ የሱን ተውሽለት» አለኝ። «ይህ ሰላም አይደለም። እኔ ዝም ስላልኩ ሰላም መሰለሽ እንጂ።»

«ሥራው ይለቅና እንነጋገራለን» አልኩ። እንዴት ያለሁ ፈሪ ነኝ። እውነቱን ጻፊ ከተባለ፣ የአለነን ወግ የተውኩለት ስለማከብረው አይደለም። እኔም ስለምፈራ ነው።

ዛሬ ገደሉ አፋፍ ደርሰናል። ጅብራ የሚሉት ረጅሙ የደጋ ተክል በጉም ውስጥ ቆሞ ሰው ይመስላል። ኡጁሉ መሣሪያው ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀና አለና «አለነ አጠገቡ ረዳት አቆመ እንዴ?» አለኝ። ረዳት የለንም። እንደገና ጎንበስ ብሎ ቆየ። «ጅብራ ይሆናል» ብሎ ቁጥሩን አስጻፈኝ።


ሐሙስ፣ መስከረም 25

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጉሙ ወረደ። እንዲህ ያለ ጉም አይቼ አላውቅም፤ የገዛ ጫማዬ አልታይ አለኝ። አለነ ዘንጉን ይዞ አፋፉ ላይ ነበር። ሥራ አይቻልም፣ ይመለስ አልን። ኡጁሉ የሚጮህበት ድምፅ ከማክሰኞ ጀምሮ የለውም፤ እኔ ጠራሁ።

«አለነ።» ዝም።

«አለነ።» ዝም።

ሦስተኛው ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ለምን? እልህ ያዘኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬን አድርቆታል፤ እስቲ ዛሬ እንኳ በሁለተኛው ይመልስ አልኩ። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ለኡጁሉ «በአቋራጩ ወርዶ ይሆናል፣ አገሩ ነው» ብዬው ወረድን። ሩብ ሰዓት ይሆናል መንገዱ።

ጋሽ ሰይፉ መኪናውን ተደግፈው ብቻቸውን ቆመዋል። «አለነስ?» አሉ።

ወደ ዳገቱ ዞርኩ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ ጉልበቴ ተልጧል። ኡጁሉ ከፊቴ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ባዶ አየር ብቻ ወጣ። የሰማንያ ቀን ልጅ አለችው። እናቷን ምን ልላት ነው እያልኩ አለቀስኩ።

ኡጁሉ ክንዴን ይዞ አቆመኝና አፏጨ። ፈቃድ አልጠየቀኝም። ረጅሙን፣ የ«ና»ውን። ከታች ጋሽ ሰይፉ «ኧረ ተው፣ ኧረ በእመቤቴ» ሲሉ ይሰማል። ኡጁሉ አልተወም። አንድ እርምጃ እየሄደ ያፏጫል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ያፏጫል። እኔ ጃኬቱን ጨብጬ ተከተልኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከንፈሩ ደም ነበረው።

ከዚያ ኮቴ ሰማን። አለነ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ዘንጉ የለም። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ። ከኔ ነው የሸሸው። ኡጁሉ እጁን ይዞ አወረደው።

ማታ አለነ ጋቢ ተከናንቦ ተቀመጠ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔንም አያየኝም። በሕይወት አለ። ዛሬ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም።


ዓርብ፣ መስከረም 26

ዛሬ አለነ ተናገረ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው የዋለው፣ እንደ ፌዝ።

«ሁለቴ ሲጠሩኝ ሰማሁ» አለኝ። «እርስዎ እንደሆኑ አውቄያለሁ። ግን ወጉ ነውና ሦስተኛውን ቆሜ ጠበቅኩ። ቆየ። ቆየ። ከዚያ ጠሩኝ።»

«አልጠራሁም» አልኩት።

«ጠርተውኛል። የእርስዎው ድምፅ ነው። ትንሽ ሳቅ አለበት እንጂ።»

ድምፁ ከፊቱ ነው የመጣው። እሱ አፋፉ ወደ ኋላው ያለ መስሎት ነበር፤ ጉሙ አዙሮበታል። ሦስት ሞላ ብሎ «አቤት» አለና መሄድ ጀመረ። ዘንጉ ከበደው፣ ጣለው። ያን ጊዜ ከኋላው ፉጨት ሰማ።

«ከፊቴ ኢንጂነር ይጠሩኛል፤ ከኋላዬ ሰይጣን ያፏጫል። እንግዲህ ወዴት ልሂድ?» አለ። «ግን ፉጨቱ መሃል ላይ ፍስ ይላል። የኡጁሉ ነው አልኩ። እንዲህ አበላሽቶ የሚያፏጭ እሱ ብቻ ነው።»

ኡጁሉ ሰማው። «አበላሽቶ?» አለ። ከሰኞ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እየቆጠርኩ ነበር። ሁለቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። እልህ ይዞኝ ጎዶሎ ትቼው የሄድኩትን ነው ሌላ የሞላው።

ዘንጉን ፍለጋ አብረን ሄድን። አፋፉ ላይ ቆሞ አገኘነው። ተተክሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ልክ አለነ ለመለኪያ እንደሚያቆመው። ከሱ ሁለት እርምጃ አልፎ መሬት የለም። አለነ «እኔ ጥዬዋለሁ እንጂ አልተከልኩትም» አለ። ደጋግሞ አለው።

የገደል ማሚቶ ይሆናል አልኩ። ምን ልበል ታዲያ፣ የተማርኩት ሰው። ኡጁሉ በተዘጋ ጉሮሮው የራሱን ስም ወደ ገደሉ ጮኸ። ቆመን ጠበቅን። ምንም አልተመለሰም።

ከምሳ በኋላ ሰበሰብኳቸውና አዲስ ደንብ አወጣሁ። አንደኛ፣ ኡጁሉ ያፏጫል። ጋሽ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ግን አልተቃወሙም። ሁለተኛ፣ ስሙ የተጠራ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ይመልሳል። ሦስቴ መጠበቅ የለም፤ ሰው ልናጣበት ነበር።

አለነ «እሺ፣ እንዳሉ» አለ። ኡጁሉ የሱን ሲያገኝ እሱ የራሱን ሰጠ። ሚዛናዊ ነው አልኩ። የሁሉም ሆድ ሞላ ብዬ ደስም አለኝ። ኡጁሉ ብቻ «ይህን እንኳ ባታዢው» አለኝ። «ለምን?» ስለው፣ «አባቱ ያስተማሩት ነዋ። ያለ ምክንያት አያስተምሩም» አለ። አልሰማሁትም። ማለቴ ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።


ቅዳሜ፣ መስከረም 27

ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ነኝ። ልጻፈው።

ጠዋት ጥሩ ሠራን። ኡጁሉ ሲያፏጭ አለነ ከሩቅ እጁን ያነሳል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደ ዘመድ ተግባቡ። ቁርስ ላይ አለነ የክርስትናውን ጠላ የሚያወጡለትን ሰዎች ሲቆጥር ኡጁሉ «እኔም ዓሣዬን ይዤ እመጣለሁ» አለው። አለነ «ከመጣህ በር ላይ ትበላዋለህ» አለ። ጋሽ ሰይፉ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሁለት ችካል ሲቀረን፣ ወደ ሰባት ሰዓት፣ ጉሙ ተመለሰ። እንደ ሐሙሱ አልጠነከረም፤ ግን አለነን ሸፈነው። እኔ ከኡጁሉ አጠገብ ቆሜ ቁጥር እየጻፍኩ ነበር። ኡጁሉ አንገቱ መሣሪያው ላይ። ጋሽ ሰይፉ ከታች፣ መኪናው ጋ። ነፋስ የለም፣ ወፍም የለም።

ከጉሙ ውስጥ አለነ «አቤት» አለ።

እርሳሴ ቆመ። ኡጁሉ ቀና ብሎ አየኝ። «ጠራሽው?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አፌን አልከፈትኩም።

«አቤት ኢንጂነር፣ መጣሁ» አለ አለነ። ድምፁ እየራቀ ነበር።

ልጠራው ፈራሁ። ብጠራው የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ በምን ያውቃል? በእጄ ኡጁሉን ገፋሁት፤ እሱ ግን ቀድሞኝ ጀምሯል። አፏጨ። ረጅሙን፣ ያለ ማቋረጥ፣ ሆዱን ይዞ። እኔ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ቆምኩ፤ ሳላስበው እንዳልጮህ።

የአለነ ኮቴ ቆመ። ከዚያ መቅረብ ጀመረ። ጉሙ ውስጥ ጥቁር ነገር ሆኖ ታየ፣ ቀጥሎ ሰው ሆነ፤ ዘንጉን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«በአንደኛው ነው የመለስኩት» አለኝ እየሳቀ። «እንዳዘዙኝ።»

ልዋሸው አስቤ ነበር። ነገ ክርስትና ነው፣ ደስታውን ምን አደፈርሰዋለሁ ብዬ። አልቻልኩም። «አለነ፣ ዛሬ ጭራሽ አልጠራሁህም» አልኩት። «አንዴም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ወደ ኡጁሉ ዞረ። ኡጁሉ «አልጠራችህም» አለ።

ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ ተናገርኩ። ፉጨቱን መከልከሌ ስህተት ነበር አልኩ። ሦስት ጥሪህን መውሰዴ የባሰ ነው አልኩ። አንዱን ከሌላው ነጥቄ የማስታርቃችሁ መሰለኝ፤ የሁለታችሁም ነገር ያስፈልገን ነበር አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አፍሬያለሁ ብዬ አልጽፍም፣ አላፈርኩም።

አለነ ቆቡን አውልቆ በእጁ አሻሸው። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ያኛው ድምፅዎን ለምዶታል» አለ። «እንግዲህ እርስዎ እዚህ ላይ ሰው አይጥሩ። ሦስቴም ቢሆን። እኔም አልመልስልዎትም፣ አይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም» አልኩት።

ሁለቱን ችካሎች ትተን ወረድን። መንገድ ላይ ማንም የማንንም ስም አልጠራም። ጋሽ ሰይፉ እንኳ «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ ነው የነዱን። ኡጁሉና አለነ ኋላ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኡጁሉ ከንፈሩን እንዴት እንደሚያሾል ያሳየዋል። አለነ አይሞክርም፤ ያያል ብቻ።

ነገ ክርስትና እንሄዳለን። ሰኞ ለሁለቱ ችካሎች እንመለሳለን፣ መቅረት የለም። ኡጁሉ ያፏጫል፣ አለነ ዝም ይላል፣ እኔ ከመኪናው አልወርድም።

ይህን ስጽፍ እናቴ ከጓሮ ስሜን ጠራች። እናቴ ናት፤ ከመስኮቱ ነጭ ነጠላዋ ይታየኛል፣ አጎንብሳ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ሁለቴ ጠርታለች። ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው።